የሩሲያ ስንዴ ቢቀር የድሬ ዳቦ ስንት ይጨምራል?

«ሩሲያ የስንዴ ኤክስፖርት ልትገድብ ነው» የሚል ዜና በተሰማ ማግስት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ የዱቄት ዋጋ መነቃነቅ ይጀምራል። ገና አንድ መርከብ አልቀረም፤ መጋዘን ያለው ዱቄትም ከዜናው በፊት የተፈጨ ነው። ጭማሪው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዜናው ሰበብ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካልኩሌተር ይበቃል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የተመረተውን ስንዴ ለሽያጭ ከወጣው መለየት ያስፈልጋል። ዓለም በዓመት ወደ 790 ሚሊዮን ቶን ስንዴ ያመርታል። ድንበር የሚሻገረው ግን 210 ሚሊዮን ቶን ገደማ፣ ማለትም ሩብ ያህሉ ነው። በምርት አንደኛዋ ቻይና 140 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታመርታለች፣ ህንድም ከ100 ሚሊዮን በላይ፤ ሁለቱም ያመረቱትን እዚያው ይበሉታል፣ ቻይና እንዲያውም ከውጭ ትጨምርበታለች። ሩሲያ በ2023/24 ያመረተችው 90 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከዓለም ምርት 12 በመቶ ቢሆን ነው። በዚያው የገበያ ዓመት (ከአንዱ አዝመራ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ) የሸጠችው 55 ሚሊዮን ቶን ገደማ ግን የዓለም ንግድ ሩብ ነው። ገበያውን የሚያንቀጠቅጠው ይሄኛው ቁጥር ነው፤ ዜና ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

«በዓለም መጋዘን 260 ሚሊዮን ቶን ክምችት አለ» የሚል ቁጥርም ብዙ ሰው ያታልላል። ከዚያ ግማሽ ያህሉ ያለው ቻይና ውስጥ ነው፤ ዋጋው ሰማይ ቢነካም ጅቡቲ አይደርስም። መታየት ያለበት ሻጭ አገሮች፣ ማለትም ሩሲያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ አርጀንቲና፣ ዩክሬን እና ካዛኪስታን፣ እጃቸው ላይ ያለው ነው፤ እሱ ከጠቅላላው በጣም ያነሰ ነው።

የ2010ን እንውሰድ። ሩሲያ በድርቅ ተመታችና ከኦገስት 15 ጀምሮ ኤክስፖርት አገደች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 18 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሸጠች አገር በተከታዩ 4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሸጠች። የጎደለው ከዓለም ምርት 2 በመቶ፣ ከዓለም ንግድ ደግሞ አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። በጁን ከ5 ዶላር በታች የነበረው የቺካጎ (የዓለም ስንዴ ዋጋ የሚታይበት የአሜሪካ ገበያ) ዋጋ በኦገስት መጀመሪያ 8 ዶላር አለፈ። ዋጋው በቡሽል እንደሆነ ልብ በሉ፤ አንድ ቡሽል ስንዴ 27.2 ኪሎ ስለሆነ ወደ ኩንታል ለመለወጥ በ3.67 ማባዛት ነው። ስለዚህ 8 ዶላር ማለት በኩንታል 29 ዶላር ከምናምን ነው።

በ2022 የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ከጦርነቱ በፊት ሩሲያ እና ዩክሬን አንድ ላይ ከዓለም የስንዴ ንግድ 30 በመቶ ገደማ ይይዙ ነበር። በማርች ቺካጎ ከ13 ዶላር በላይ ወጣ። በሜይ 13 ህንድ ኤክስፖርት አገደች። የህንድ ድርሻ ከንግዱ 4 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ሌላ ሻጭ በጠፋበት ወር ስለሆነ ከድርሻዋ በላይ አናወጠ። ጁላይ 22 ኢስታንቡል ላይ የዩክሬን እህል በመርከብ እንዲወጣ የሚፈቅደው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ተፈረመ፤ በኦገስት መጨረሻ «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23,000 ቶን የእርዳታ ስንዴ ይዛ ጅቡቲ ገባች። ስምምነቱ ጁላይ 17 ቀን 2023 ሲፈርስ ብዙ ሰው ዋጋው እንደገና ይተኮሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። ለጥቂት ቀን ዘለለና ወረደ፤ በዚያው ዓመት መኸር ከ6 ዶላር በታች ነበር። ሩሲያ በሁለት ተከታታይ ዓመት ብዙ አምርታ ስትሸጥ ነበር፤ የዩክሬንም እህል በዳኑቤ ወንዝ ወደቦች፣ ቆይቶም በባሕር ዳርቻው ጥግ መውጫ አገኘ። ስለዚህ አንድ አገር ከገበያ መውጣቱ ብቻ ዋጋ አይሰቅልም፤ በዚያ ሰዓት ተተኪ መኖር አለመኖሩ ነው የሚወስነው።

ለዚህ ነው ወሩ የሚያስፈልገው። የሩሲያ እና የዩክሬን አዝመራ በጁላይና ኦገስት ይሰበሰባል፤ ሽያጩ የሚበረታውም ከዚያ እስከ ዲሴምበር ነው። አውስትራሊያና አርጀንቲና የሚያጭዱት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ኦገስት ላይ የተጣለ እገዳ ከባድ ነው። ሩሲያ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ጁን 30 የምታስቀምጠው ኮታ (የኤክስፖርት መጠን ገደብ) ግን ከ2021 ጀምሮ የተለመደ አሠራር ነው፤ ገበያው አስቀድሞ አስልቶታል። በዚህ ኮታ ሰበብ ዱቄት የሚያስወድድ ነጋዴ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ድሬ እናምጣው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ አስገቡበት። ጥቁር ባሕር ወደብ ላይ አንድ ቶን 230 ዶላር፣ የመርከብና የኢንሹራንስ 50 ዶላር፣ ድምር 280። በኩንታል 28 ዶላር። ዶላር በ130 ብር ከሆነ 3,640 ብር። ከዚህ በላይ የወደብ ማራገፊያ፣ ማዳበሪያ ውስጥ መክተቻ፣ በድንበር ከተማዋ ደወሌ በኩል የመኪና ጭነት እና ብክነት አለ።

ሩሲያ ገደበችና የወደቡ ዋጋ 20 በመቶ ጨመረ እንበል። በቶን 46 ዶላር፣ በኩንታል 4.60 ዶላር፣ በብር 598። አንድ ኩንታል ስንዴ 75 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይሰጣል፣ ቀሪው ፉርሽካ ነው። 75 ኪሎ ዱቄት ውሃ ጠጥቶ ሲጋገር 100 ኪሎ ያህል ዳቦ ይወጣዋል፤ ባለ 100 ግራሙ ዳቦ 1,000 ፍሬ ማለት ነው። 598 ብር ለ1,000 ሲካፈል በአንድ ዳቦ 60 ሳንቲም። ፉርሽካውም አብሮ ስለሚወደድ፣ በተለይ ሐረርጌ ላይ ሰንጋ የሚያደልቡት ተሻምተው ስለሚገዙት፣ ወፍጮ ቤቱ ከፊሉን ከዚያ ይመልሳል። 3 ብር የጨመረ ዳቦ ቤት ሩሲያን መጥራት አይችልም።

በተቃራኒው፣ ከጁላይ 2024 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያው 28 ዶላር ያኔ 1,596 ብር ነው። በ130 ሲሆን ልዩነቱ 2,044 ብር፣ በአንድ ዳቦ 2 ብር። የምንዛሬው ለውጥ ብቻውን ከሩሲያ የ20 በመቶ ጭማሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የወደብ መዘግየትም ይቆጠራል። ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል፤ 30,000 ቶን የያዘ መርከብ 750 መኪና ይፈልጋል። መኪና ጠፍቶ ወይም ማሸጊያው ተበላሽቶ መርከቡ 10 ቀን ቢቆምና ቅጣቱ በቀን 20,000 ዶላር ቢሆን፣ በኩንታል 67 ሳንቲም የዶላር ነው፤ 87 ብር። ከጥቁር ባሕር የሚመጣ መርከብ ስዊዝንና ባብ ኤል መንደብን አልፎ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው፤ ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ የደረሱት ጥቃቶች ኢንሹራንሱን ያስወደዱት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከውጭ ለገባ ስንዴ ነው። መንግሥት በ2023 መጀመሪያ ኤክስፖርት መጀመሩን ካበሰረ ወዲህ የእርዳታው ስንዴ በጅቡቲ መግባቱን ባያቆምም፣ የወፍጮ ቤቱ ስንዴ በብዛት የአርሲና የባሌ ነው። እሱን የሚወስነው የመኸሩ ምርት፣ የመንገዱ ጸጥታና የናፍጣ ዋጋ ነው። ወፍጮ ቤታችሁን «ስንዴው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከባሌ ከሆነ የሩሲያ ወሬ እዚያው ያበቃል።

ምንጭ ሲቀየር ዳቦ ጋጋሪው ከዋጋ በፊት የሚያየው ሌላ ነገር አለ፦ ሊጡ ይላላል። የሩሲያ ስንዴ በብዛት የሚሸጠው በ12.5 በመቶ ፕሮቲን ነው። በእሱ ምትክ 10 ወይም 11 የሆነ ከመጣ ዱቄቱ ውሃ አይጠጣም፣ ከኩንታሉ የሚወጣው የዳቦ ቁጥር ይቀንሳል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ተነፍቶ ይተኛል። ለመፈተን 10 ግራም ዱቄት በ5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ጨው ያለበት ውሃ ለውሱ። ድቡልቡሉን ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ አሳርፉት። ከዚያ ከወንፊት በላይ ይዛችሁ በቀጭን ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ፤ ነጩ ውሃ እስኪጠራ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ግራጫ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ነገር ግሉተን ነው። ውሃውን ጨምቃችሁ መዝኑት፤ 2.8 ግራም ከሆነ 28 በመቶ ነው፣ ለዳቦ ጥሩ። ከ2.3 በታች ከሆነ ውሃ ቀንሱ፣ የማቡኪያ ሰዓት አሳጥሩ። እየተበጣጠሰ ከውሃው ጋር ከሄደ እህሉ ተጎድቷል፤ ከጠንካራ ዱቄት ጋር ካልቀላቀላችሁት ዳቦ አይወጣውም።

ፓስታ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው የስንዴ ዓይነት፣ ዱረም፣ ከዓለም የስንዴ ምርት 5 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከዱረም ንግድ ደግሞ ግማሽ ገደማውን የምትይዘው ካናዳ ናት። በ2021 ካናዳን ድርቅ ሲመታት የዱረም ምርቷ ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ ከነበረበት ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ የዩክሬን ጦርነት ገና ሳይጀመር የፓስታ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ጨመረ። ስለዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላይ የጣሊያን ወይም የቱርክ ፓስታ ሲወደድ የምትከታተሉት ሩሲያን ሳይሆን የካናዳዋን ግዛት የሳስካችዋንን ዝናብ ነው፤ እዚያ የሚዘራው በሜይ፣ የሚታጨደው በኦገስትና ሴፕቴምበር ነው።