አሥራ ሁለት ቫዮሊን በአርባ ደቂቃ

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 12 ቫዮሊን ስቃኝ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ብወስድ 18 ደቂቃ እዚያው ያልቃል፤ ጀማሪዎቹ ቫዮሊናቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤት ቡድን ሳቋቁም አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያባከንኩት በዚህ ነው።

አሁን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ። ከአራቱ ክሮች መጀመሪያ ላን በ440 ኸርዝ፣ ቀጥሎ ሬን፣ ሶልን፣ በመጨረሻ ሚን እቃኛለሁ። ሚ ቀጭን የብረት ክር ስለሆነች ከታች ባለችው ትንሽ ብሎን ብቻ ነው የማስተካክላት፤ በትልቁ መቃኛ ከተጠመዘዘች ቶሎ ትበጠሳለች። ለጀማሪ አራቱም ክር ብሎን ቢኖራቸው ገንዘቡ አይቆጭም።

የአዲስ አበባ አየር የራሱ ጣጣ አለው። ዝናቡ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ መቃኛው አልዞርም ይላል፤ ከጥቅምት በኋላ ሲደርቅ ደግሞ ይላላና ጠዋት ሣጥኑን ስትከፍቱ ክሮቹ ተልፈስፍሰው ታገኛላችሁ። ለሚንሸራተተው ጠመኔ፣ ለሚጣበቀው ደረቅ ሳሙና ቀቡት፤ ስትጠመዝዙም ወደ ውስጥ ግፉት። ክር የሚፈታው ግን አንድ በአንድ ነው። አራቱንም በአንዴ የፈታሁ ቀን ክሮቹን የተሸከመው ብርኩማ ወደቀ፤ ሆዱ ውስጥ የቆመችው ትንሽ እንጨትም ተከተለችው። እሷን ሳያቆሙ ክር መወጠር ሆዱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ለጣት ምልክት ቀጭን ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ በግምት ግን አይሆንም። ከክሩ ርዝመት ለ1ኛ ጣት (ቫዮሊን ላይ አመልካች ጣት ናት) አንድ ዘጠነኛውን፣ ለ2ኛ አንድ አምስተኛውን፣ ለ3ኛ ሩቡን ከላይ ወደ ታች እለካለሁ። ሙሉ ቫዮሊን ላይ ክሩ 328 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 36፣ 66 እና 82 ላይ ያርፋል። ፒያኖ የሚያጅብ ከሆነ 2ኛውን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ብርኩማው አስጠጋለሁ። በትንንሾቹ ቫዮሊኖች ክሩ ስለሚያጥር እንደገና መለካት ግድ ነው።

የመጀመሪያ ዜማችን በሬ የተቃኘ ሜጀር ትዝታ ነው፦ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ። ሬ ክር ላይ ባዶውን፣ 1ኛ ጣት፣ 2ኛ ጣት፤ ላ ክር ላይ ባዶውን፣ 1ኛ ጣት። በቃ። 3ኛ ጣት የሚመጣው ላይኛው ሬ ሲፈለግ ነው፤ ትንሿ ጣት ጭራሽ አትነካም። ቅኝቱን ልጆቹ ከቤታቸው ስለሚያውቁት ጣት ሲስት ጆሮ ይነግራቸዋል። ቶሎ ወደ ማይነር ትዝታ መሻገሬ ግን አልበጀኝም። የሬ ክር 2ኛ ጣትና የላ ክር 1ኛ ጣት ሁለቱም ወደ ኋላ ይሳባሉ፦ ፋ ሻርፕ ፋ፣ ሲ ደግሞ ሲ ፍላት ይሆናል፤ ፕላስተሩም ልጆቹን ያሳስታቸዋል። አሁን ሁለት ሳምንት ፋን ብቻ አስለምዳለሁ፣ ሲ ፍላት ከዚያ ትከተላለች። አንቺሆዬን ለጀማሪ አልሞክረውም።

ማሲንቆ የሚሞክር ልጅ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ድምፁን ፈልጎ ያገኛል። ይሁንና ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም። ያንኑ ቫዮሊን ላይ ሲደግመው ያፏጫል። እንዲህ ላለው ልጅ ለአንድ ሳምንት ቦው (ጭራ የተወጠረበት መጫወቻ ዘንግ) አልሰጠውም፤ በአንድ እጁ ክሩን እንጨቱ ላይ እየተጫነ በሌላው እጁ ጣት ብቻ ይነካካል።

«ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመጣልኝ አዲስ ቫዮሊን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። የቦው ጭራ ሮዚን (የሚቀባ ደረቅ ሙጫ) ካልያዘ ክሩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ድምፅ የለም። አዲስ ሮዚን ደግሞ ልሙጥ ስለሆነ ቢቀቡትም አይወጣም፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉት።