አሥራ ሁለት ክኒን በባዶ ካርቶን

በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ የሸጠ መድኃኒት ቤት በአሜሪካ ሲከሰስ፣ ክሱ «የመለያ ጽሑፍ ጉድለት» የሚል ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የሕግ ማሻሻያ ነው፤ ያለ ማዘዣ ማደሉ ራሱ መድኃኒቱን የመለያ ጽሑፍ ጉድለት ያለበት ያደርገዋል። ክኒኑ ንጹሕ፣ መጠኑም ልክ ቢሆን ክሱ አይወድቅም።

መንገዱን የጠረገው በ1948 የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። በጆርጂያ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ አንድ ባለመድኃኒት ቤት ሰልፋታያዞል የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት 1,000 ክኒን የያዘ ብልቃጥ ገዛ። ብልቃጡ ላይ አወሳሰዱም ማስጠንቀቂያውም ነበረ። ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ፍሬ እየቆጠረ የመድኃኒቱ ስም ብቻ በተጻፈበት ትንሽ ካርቶን ሸጠ፤ ተፈረደበት። ፍርዱ ተገቢ ነበር እላለሁ፦ ሰልፋታያዞል ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል፣ ብዙ ውኃ ካልተጠጣበት ይጎዳል። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ መደርደሪያው ላይ ቀርቶ ገዢው የመድኃኒቱን ስም ብቻ ይዞ ሄደ።

እንዲህ ያለ ክስ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ግዢው ላይ ነው። ገዢ መስሎ የሚገባው ተቆጣጣሪ መድኃኒቱን በስሙ ይጠይቅ፤ መለማመጥና የውሸት ሕመም ማውራት ግን የለበትም፣ ተከሳሹ «ገፋፍተውኝ ነው» ለማለት በር ያገኛል። አንድ ሽያጭ «ስሕተት ነው» ስለሚባል በሌላ ቀን ይደገም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የሸጠው ሰው መልክና የተናገረው ቃል ወዲያው ይጻፍ። ካርቶኑ ከነከረጢቱ ይታሸግ፣ ይፈረምበት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን ተቀብሎ ለማን እንደሰጠ ይመዝገብ። ኪስ ውስጥ አድሮ የመጣ ክኒን ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይቻልም። ላቦራቶሪውም ናሙናውን ሁሉ መጨረስ የለበትም፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ከጠየቀ ድርሻ እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው መከላከያ «ሐኪሙ በስልክ አዞኛል» የሚል ነው። በስልክ ማዘዝ ይፈቀዳል፤ ግን ትእዛዙ ወዲያው በጽሑፍ ሰፍሮ ፋይል መደረግ አለበት። ስለዚህ የማዘዣውን ፋይል ከግዢ ደረሰኞች ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 3,000 ፍሬ ገብቶ በማዘዣ የወጣው 1,140፣ መደርደሪያ ላይ የቀረው 400 ከሆነ፣ 1,460 ፍሬ የት እንደደረሰ ባለቤቱ ይመልስ። ሒሳቡ የሚሠራው ተቆጣጣሪው በገባበት ቀን ነው፤ ካደረ መደርደሪያው ይሞላል።

«አላወቅሁም» ማለት ተከሳሹን ነጻ አያወጣም፤ ሐሳብ ሳይረጋገጥም እስከ 1 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የማታለል ሐሳብ ከተረጋገጠ ወይም ቀድሞ የተፈረደበት ከሆነ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ለዚህም ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በኋላ የተደረገ ሽያጭ እና የተፋቀ መለያ ጠንካራ ማስረጃ ስለሆኑ፣ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን በፊርማ ይያዝ።