ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና እና የትንሽ ከተማ ማሳለጫ

ፈጣን መንገድ ከከተማ ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማሳለጫ ላይ በደረስኩ ቁጥር፣ ጊዜ ካለኝ፣ ዳር ይዤ የተሽከርካሪዎችን ሰልፍ የመመልከት ልማድ ካዳበርኩ ዓመታት አልፈዋል። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የትንንሽ ከተሞች ማሳለጫዎች ናቸው። ትልቅ ከተማ አንዱ መውጫ ቢዘጋበት ሌላ አለው፤ ትንሽ ከተማ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ማሳለጫ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውም፣ ጭነት የያዘው ከባድ መኪናም፣ ሕመምተኛ የጫነው አምቡላንስም የከተማው ጎዳና ፈጣኑን መንገድ በሚሻገርበት አንድ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። መጨናነቁ ሲበረታ አስቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ ድልድዩ ይስፋ የሚል ነው። እኔ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት በድልድዩ ሁለት ጫፎች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

በትንንሽ ከተሞች በብዛት የሚታየው ማሳለጫ ከላይ ሲመለከቱት የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነው። አራቱ መውጫና መግቢያ መንገዶች በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሁለት መጋጠሚያዎች ከከተማው ጎዳና ጋር ይገናኛሉ፤ የትራፊኩ ብዛት ከፍ ሲል በሁለቱም ላይ መብራት ይተከላል። መንገዱን በቀኝ ይዞ በሚነዳባቸው አገሮች ፍሰቱን የሚያንቀው ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ነው። ወደ ፈጣኑ መንገድ ለመግባት ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ሰልፍ ማቋረጥ ስላለበት፣ መብራቱ ለእርሱ የተለየ አረንጓዴ ጊዜ ይመድብለታል፤ በዚያ ጊዜ ከወዲያ በኩል ቀጥ ብሎ የሚመጣው ሁሉ ይቆማል። ሒሳቡ ቀላል ነው። መብራቱ በየ90 ሰከንዱ አንድ ዙር ቢያጠናቅቅና ከዚያ ውስጥ 20 ሰከንዱ ለግራ ታጣፊው ቢሰጥ፣ በሰዓት 40 ዙር ስላለ ድምሩ 800 ሰከንድ ይሆናል። ቆሞ ከነበረ ሰልፍ፣ መብራቱ ከተለቀቀ በኋላ፣ በአንድ መስመር ላይ በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ መኪና ስለሚያልፍ፣ የቆመው መስመር በሰዓት 400 ያህል መኪና የማሳለፍ ዕድል ያጣል። በዚህ ላይ መብራቱ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ማንም የማያልፍባቸው ጥቂት ሰከንዶች ይባክናሉ። ድልድዩ ላይ መስመር ቢጨመርም ይህ ብክነት እንዳለ ይቀጥላል።

ጉዳዩን ከመዘግየት ወደ ሞት የሚወስደው ደግሞ ሰልፉ ወደ ኋላ መርዘሙ ነው። በሰልፍ የቆመ አንድ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር ከ7 እስከ 8 ሜትር ይይዛል፤ ስለዚህ 300 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ አንድ መስመር መውጫ መንገድ 40 ያህል መኪና ብቻ ይችላል። አርባ አንደኛው መኪና የሚቆመው ሌሎች በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚከንፉበት በፈጣኑ መንገድ ላይ ነው። በማሳለጫ ላይ የሰልፍ ጭራ ወደ ፈጣኑ መንገድ ሲዘልቅ ካየሁበት ቀን ጀምሮ፣ ስለ ፍሰት ማሰብና ስለ ደኅንነት ማሰብ ለእኔ አንድ ጉዳይ ሆነዋል።

መፍትሔ ከሆኑት ንድፎች ውስጥ በመጀመሪያ እይታ እንግዳ የሚመስለው፣ ሁለቱን አቅጣጫዎች ድልድዩ ላይ ቦታ የሚያለዋውጠው ነው። ተሽከርካሪዎቹ ድልድዩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት በመብራት ተራ ጠብቀው ወደ ግራው ጎን ይሻገራሉ፤ ድልድዩን በግራ በኩል ይዘው ያልፉና በሌላው ጫፍ ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። ድልድዩ ላይ ሳለ በግራው ጎን ስላለ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ከፊቱ የሚያቋርጠው ሰልፍ የለም። መብራቱም ሁለት ተራ ብቻ ይበቃዋል። በተለመደው የአልማዝ ማሳለጫ ላይ የተሽከርካሪዎች መንገድ የሚጋጭባቸው ነጥቦች 26 ሲሆኑ በዚህኛው ወደ 14 ይወርዳሉ። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፈረንሳይ ቬርሳይ ተሠርቶ የነበረ ቢሆንም፣ ሰፊ ትኩረት ያገኘው በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ 170 ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት በስፕሪንግፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ በኋላ ነው። እዚያ ነባሩ ድልድይ ሳይፈርስ በሥራ ላይ እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ለአነስተኛ በጀት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። አሽከርካሪዎች ይሳሳታሉ የሚለው ስጋት ተገቢ ቢሆንም፣ መንገዶቹ የሚሻገሩበት ማዕዘን ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋና ጠርዞቹ በደንብ ሲመሩ፣ አሽከርካሪው ተራ መስቀለኛ መንገድ የሚያልፍ ያህል ነው የሚሰማው። ድክመት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከፈጣኑ መንገድ ወጥቶ በቀጥታ ተመልሶ መግባት አይቻልም፤ ተሳፋሪ አውርዶ ወደ ፈጣኑ መንገድ ለሚመለስ አውቶቡስም ሆነ፣ ከድልድዩ ከፍታ በላይ ስለጫነ ከሥሩ ማለፍ ለማይችል መኪና ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

የትራፊኩ ብዛት መካከለኛ ከሆነ እኔ የማስቀድመው በሁለቱ ጫፎች ላይ አደባባይ መሥራትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በብሪታንያ፣ ገቢው በአደባባዩ ውስጥ ላለው ቅድሚያ እንዲሰጥ ከተደነገገ ወዲህ፣ አደባባይ በራሱ ተሽከርካሪ እየተቆለፈ መዘጋቱ ቀርቶ አስተማማኝ መሣሪያ ሆኗል። ባለ አንድ መስመር አደባባይ በቀን ከ20 እስከ 25 ሺህ ተሽከርካሪ ማስተናገድ ይችላል፤ ይህ ለብዙ ትንንሽ ከተሞች ይበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ድልድዩ ላይ ነው፤ ግራ ታጣፊዎች ተራ የሚጠብቁበት ተጨማሪ መስመር ስለማያስፈልግ፣ ጠባቡ ድልድይ ጠባብ እንደሆነ ያገለግላል። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የምትገኘው የካርሜል ከተማ ከ150 በላይ አደባባዮች ያሏት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በማሳለጫዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ረጃጅም ተሳቢዎች የኋላ ጎማቸውን የሚያሳልፉበት ዝቅ ያለ ጠርዝ በመካከሉ ደሴት ዙሪያ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ንድፉ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያበላሸው ነገር ነው፤ ከመውጫው ጫፍ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ የሚከፈቱ የነዳጅ ማደያና የገበያ ማዕከል በሮች። ከፈጣኑ መንገድ የወጣ አሽከርካሪ ገና መስመሩን ሳይይዝ፣ ከፊቱ ያለው መኪና ወደ ማደያው ለመግባት ፍሬን ይይዛል፤ ከማደያው የወጣው ደግሞ ሦስት መስመር አቋርጦ ወደ ግራ መታጠፍ ይፈልጋል። እነዚህን በሮች ወደ ኋላ መንገድ ማዞርና በመካከል አካፋይ መሥራት ከድልድይ ግንባታ ጋር የማይወዳደር ወጪ አለው፤ ሆኖም ከባለንብረቶች ጋር መነጋገርን ስለሚጠይቅ ይዘለላል። መብራቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ የሰዓት ምደባቸው ለዓመታት ሳይከለስ፣ ከተማው ግን አድጎ ይገኛል። በትንሽ ከተማ ከባዱ ጭነት የሚቆየው ትምህርት ቤትና ፋብሪካ በሚገቡበትና በሚወጡበት አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ተሽከርካሪዎችን በየአቅጣጫቸው በ15 ደቂቃ እየከፈሉ መቁጠር ያስፈልጋል፤ የቀኑ አማካይ ቁጥር ይህን ይደብቀዋል።

እግረኛው ከእነዚህ ንድፎች በየትኛውም ውስጥ በኋላ የሚታሰብ መሆን የለበትም። በትንሽ ከተማ ፈጣኑ መንገድ ሰፈርን ከሰፈር ስለሚለይ፣ ተማሪዎች የሚሻገሩት በዚሁ ድልድይ ላይ ነው። አቅጣጫዎቹ ቦታ በሚለዋወጡበት ማሳለጫ እግረኛው በድልድዩ መካከል፣ በሁለት ግድግዳዎች ተከልሎ መሄድ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚሻገረውም ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣን ትራፊክ ብቻ ነው። አደገኛው ቦታ አሽከርካሪው ወደ ፈጣኑ መንገድ ለመግባት ፍጥነት በሚጨምርበት መታጠፊያ ላይ ያለው ማቋረጫ ነው። እዚያ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ዜብራ ወይም የራሱ መብራት ያስፈልጋል፤ ይህም ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር አብሮ ካልተሳለ፣ አስፋልቱ ከተነጠፈና ጠርዙ ከተሠራ በኋላ ቦታ አይገኝለትም።