አልጋውን ከጋቢናው ስናወጣ፦ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

አልጋ ያለው የካብኦቨር ኪት (ተገጣጥሞ ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና የሚሆን የክፍሎች ስብስብ) ይዛችሁ አልጋ የሌለውን አጭር ጋቢና ለመስራት ካሰባችሁ መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ባነብ ኖሮ አንድ ጋቢና ይተርፍልኝ ነበር።

ካብኦቨር ማለት ሞተሩ ጋቢናው ስር የተቀመጠ፣ ወደፊት የወጣ ኮፈን የሌለው ከባድ መኪና ነው። ኪት አምራቾች የሚወዱት የረጅም ርቀቱን ነው፤ ረጅም ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጀርባ አልጋ፣ ጣሪያው ላይ መብራት በመብራት። እኔ የምወደው ደግሞ አጭሩን፣ ቀን ሲሰራ ውሎ ማታ ግቢው የሚገባውን ነው። ለጀማሪ የምመክረው ግልጽ ነው፦ ኤኤምቲ የተባለውን የኪት አምራች ፎርድ ሲ-600 በ1/25 (ከእውነተኛው 25 ጊዜ ባነሰ መጠን) ፈልጉ። እውነተኛው መኪና ከ1957 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሲሆን የኪቱ ጋቢና ከመነሻው አልጋ የለውም። መቁረጥ የሚባል ጣጣ የለበትም። እኔ ግን የአውሮፓ መኪና ፈለግሁ፣ በ1/24። አልጋ የሌለው አላገኘሁም።

ሻንሲው ብዙ አላስቸገረኝም። ማሳጠር ካለባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን በደረጃ ቅርጽ ቁረጡት፤ ማጣበቂያው የሚይዝበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ አድርቁት። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ እንደ መመሪያው።

አሁን ወደ ጋቢናው።

የጠየቅኋቸው ልምድ አለን ባዮች ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ፦ «ከበሩ ጀርባ ትርፉን ቆርጠህ አውጣ፣ የኋላውን ግድግዳ ወደፊት አምጥተህ አጣብቅ፣ ስቱኮ ሙላና ቀባ።» ሲሰሙት የአንድ ከሰዓት ስራ ይመስላል። ሂሳቡም ቀላል ነው፤ ከእውነተኛው መኪና 60 ሴንቲሜትር ለመቀነስ ከሞዴሉ 25 ሚሊሜትር መቁረጥ ነው። ለካሁ፣ ምልክት አደረግሁ፣ በቀጭን መጋዝ ቆረጥሁ። ቁርጡ ቀጥ ያለ ነበር። በዚህ እኮራለሁ።

ሁለቱን ክፍሎች ሳገጣጥማቸው ግን አይገናኙም። የእኔ ኪት ጋቢና ወደኋላ በሄደ ቁጥር በትንሹ ይጠባል፣ ጣሪያውም ዝቅ ይላል። ዓይን አያየውም። መሃሉን ስታወጡ ግን ሰፊው የፊት ክፍል ከጠባቡ የኋላ ክፍል ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት መጣ። 1 ሚሊሜትር ምንም አይደለም የሚል ካለ በ24 ያባዛው፤ እውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሴንቲሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጋቢና የተጋጨ መኪና እንጂ አዲስ አይመስልም። ይህን ከመካሪዎቼ አንዱም አላነሳውም። በእጃቸው ሞክረውት ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን ይከነክነኛል።

የተባልሁትን ቀጠልሁ። ጎኑን ጨምቄ አጣበቅሁ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀባሁ። አምሮ ነበር፤ ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ። ከሳምንታት በኋላ ግን መብራት ስር ሳዞረው ከጣሪያው እስከ ታች ቀጭን መስመር ወጥቷል። ቀለሙን አንስቼ እንደገና ሞላሁ። እንደገና ወጣ!

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚይዘው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው። ያ ፈሳሽ ተንኖ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈጃል፤ እስከዚያ መጋጠሚያው መሟሸሹን አያቆምም። የቱቦው ስቱኮም እንደዚያው ነው። ማሸጊያው ላይ «በአንድ ሰዓት ይደርቃል» ይላል። ላዩ ይደርቃል፣ እውነት ነው። ውስጡን አትመኑት።

በመጨረሻ የኋላውን ክፍል እንዳለ ጣልሁት። ሌላ ጋቢና አገኘሁና በሩ ካለቀበት ትንሽ ወደኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቆረጥሁ። ጋቢናውን በተቆረጠው ጎኑ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ሉህ ላይ አቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ ሳልሁ። አዲሱ የኋላ ግድግዳ ያ ነው። ከመስመሩ ትንሽ አትርፋችሁ ቁረጡት፣ አጣብቁት፣ ከዚያ ጠርዙን አሽታችሁ አድቦልቡሉት። መጋጠሚያው ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍ ከጎን አይታይም። ሌላም ጥቅም አለው። የኪቱ የኋላ ግድግዳ መስኮት አልነበረውም፤ አልጋ የሌለው ጋቢና ግን ብዙውን ጊዜ የኋላ መስኮት አለው። ሉሁ ላይ ከማጣበቃችሁ በፊት መቁረጥ ቀላል ነው።

ክፍተት ከቀረ በስቱኮ ፋንታ ሱፐር ግሉ ሙሉበት። እሱ ብዙም አይሟሽሽም። ግን ሳያድር እሹት፤ ካደረ ከፕላስቲኩ ይጠነክርና በዙሪያው ያለውን ትበሉታላችሁ። የመስኮት መስታወቶቹን ደግሞ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግጠሙ፤ የሱፐር ግሉ ጭስ ነጭ ጉም ይጥልባቸዋል።

ጋቢናው ሲያጥር የሚከተለውን ደግሞ መመሪያው አያውቀውም። ጋቢናው ከኋላ የሚያርፍበት አግዳሚ አልጋው በነበረበት ቦታ ስለሚቀር ወደፊት መምጣት አለበት፤ ካልሆነ ጋቢናው አየር ላይ ይንጠለጠላል። የአየር ማስገቢያው ቧንቧና የጭስ ማውጫውም አብረው ይመጣሉ። ወለሉ ላይ አብሮ የተቀረጸውን አልጋም መቁረጥ አትርሱ። ጋቢናው ወደፊት እንዲገለበጥ ከፈለጋችሁ የኪቱን የፕላስቲክ ማጠፊያ ተዉት፣ ይሰበራል። በሽቦ ተኩት።

የጎን መስታወቶቹን (ስፖኪዮዎቹን) መመሪያው ገና ጋቢናው ሳይገጠም ለጥፉ ይላል። አትለጥፉ። ጋቢናውን ስትገለብጡና ስትመልሱ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።