ፒቺ መፍተል፦ ከሞንቴፑልቻኖ መንገድ እስከ ቤቴ ኩሽና

በመጨረሻ ሳይበጠስ መጣልኝ! ዛሬ የፈተልኩት ፒቺ የሚባል የጣሊያን ፓስታ ከክንዴ ይረዝማል። ውፍረቱም ከጫፍ ጫፍ ያው ነው ማለት ይቻላል። የጾም ፓስታ ሲባል ከስጎ ሌላ ለማይመጣላችሁ ሰዎች ይቺን ልጻፍ ብዬ ነው።

ፒቺን ያወቅኩት ከሮም ወደ ቦሎኛ ስንነዳ ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ኤ1 በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ ባለው ማረፊያ ያገኘነው ሳንድዊች ሁሉ ወይ አይብ ወይ የአሳማ ሥጋ ነበረበት። ስለዚህ በኪዩሲ መውጫ ታጥፈን ሞንቴፑልቻኖ ወደምትባል የቶስካና ከተማ ሽቅብ ያዝን።

ጣሊያን ውስጥ ለጾመኛ ዋናው ፈተና ሰዓቱ ነው። የገጠር ምግብ ቤቶች ስምንት ተኩል ገደማ ኩሽናቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ብትለምኑም የለም። እኛ ደግሞ የምንቀምሰው ዘጠኝ ላይ ነው። «መንገደኛ ነን» ተባባልንና ስምንት ሰዓት ላይ ተቀመጥን። የንስሐ አባቴ ይህን ባያነቡት ደስ ይለኛል።

ያዘዝነው ፒቺ አላልዮኔ የሚሉትን ነው። ፒቺ ከስፓጌቲ የሚወፍር፣ በእጅ የሚሠራ የሲዬና አካባቢ ፓስታ ነው። ዱቄትና ውሃ ነው፤ የድሃ ምግብ ስለነበር እንቁላል አይገባበትም። አልዮኔ ደግሞ ቫልዲኪያና የሚባለው ሸለቆ ግዙፍ ነጭ ሽንኩርት ነው። በዘሩ ለባሮ ሽንኩርት ይቀርባል፣ ጠረኑም ለስላሳ ነው። በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ ሲበስል ቅልጥ ይልና ከቲማቲሙ ጋር አንድ ይሆናል። ሳህኑ ላይ ሽንኩርቱን ፈልጌ አጣሁት፤ ጣዕሙ ግን እያንዳንዱ ፒቺ ላይ ተለጥፏል። ያስተናገደችን ሴትዮ «ሴንሳ ፎርማጆ» (አይብ የሌለው) ስላት «ቪጋን ናችሁ?» አለች። አዎ አልኳት። ስለ ጾም ማስረዳት ብጀምር ፓስታው ይቀዘቅዛል። ዳቦው ግን አሳዘነኝ። የቶስካና ሰዎች ዳቦ ላይ ጨው አይጨምሩም።

ቤት ገብቼ ልሥራው አልኩ። ማቡካቱ ቀላል ነው፦ 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ የዱቄቱን ግማሽ ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ ቆንጠር አድርጎ ጨው፣ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት። በደንብ አሽታችሁ፣ ላዩን ዘይት ቀብታችሁ፣ ሸፍናችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ጉዱ ያለው መፍተሉ ላይ ነው። ሊጥ ሲዳመጥ ጣውላው ላይ ዱቄት መነስነስ ለምዶብናል አይደል? ለፒቺ ይህን ልማድ ጣሉት። ዱቄት ካለ ሊጡ መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት እጃችሁን ትጫናላችሁ፤ ስትጫኑት መሃሉ ይቀጥናል፣ ከዚያ ቷ! ስንት ሊጥ እንዳበላሸሁ ቤተሰቤ ይመስክር፤ ቁርጥራጩን ሾርባ ውስጥ ሲበሉ የከረሙት እነሱ ናቸው። መፍትሔው ጣውላውን ጥርግ አድርጎ መዳፍን በትንሹ ማርጠብ ነው። ሊጡ እንጨቱን ቆንጠጥ ሲያደርገው ራሱ ይዞራል። ከመሃል ጀምራችሁ፣ እያሽከረከራችሁ ሁለቱን እጆች ወደ ጫፍና ጫፍ አራርቁ። ጉልበት አያስፈልግም፤ ጥጥ ስትፈትል የሚቸኩል እጅ እንደማያዋጣ ነው። የቀረውን ሊጥ በጨርቅ ሸፍኑት፤ አየር ካገኘው ይሰነጠቃል። የተፈተለውን ብቻ ሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ነስንሱበት፣ ካልሆነ ይጣበቃል።

እብነ በረድና ፕላስቲክ ላይ አትልፉ፤ እንጨት ይሁን። የፓስታ ማሽን አምጡ የሚሉኝንም አልሰማም። በማሽን እኩል ሆኖ የወጣ ፒቺ ወፍራም ስፓጌቲ ነው፣ በቃ። እንቁላል የሚጨምሩ ቤቶችም አሉ። በጾም ቀን ሳትጠይቁ እንዳታዙ።

ስጎው ላይ ግን ገና ነኝ። አልዮኔ እኔ ሰፈር አይገኝም። በተለመደው ነጭ ሽንኩርት ስሠራው ቤቱ እስከ ማግስቱ ይሸታል። ፍልቃቂውን ቀንሼ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሊቀላ ሲል ውሃ ጠብ ሳደርግበት ይሻላል። ከቀላ መራራ ነው፣ ድፉት። በመጨረሻ ሚጥሚጣ ጣል አደርግበታለሁ፤ ለሴትዮዋ እንዳትነግሩብኝ። የመቀቀያውን ደቂቃ አልነግራችሁም፤ እንደ ውፍረቱ ነው፣ እየቀመሳችሁ አውጡት።

ለሁዳዴ ያሰብኩት በፍርፋሪ የሚሠራውን ነው፤ የደረቀ ዳቦ ፈርፍሮ በወይራ ዘይት ጠብሶ ፒቺው ላይ መበተን። ጨው አልባው ዳቦ ለካ ሥራ ነበረው። እስከዚያው ግን አልዮኔን ጓሮው ወይ በረንዳው ላይ ያበቀለ ሰው ካለ፣ መቼ እንደሚተከል ይንገረኝ።