ልብሱ እንደተዘፈዘፈ ነው

ዛሬ እረፍት ነኝ፣ ልብስ ላጥብ ነበር ያሰብኩት። «ጣሃ» የተባለውን የፍልስጤማውያን ቲያትር ጽሑፍ ከፈትኩና በዚያው ቀረሁ። ጸሐፊው አመር ህሌህል ነው፤ መድረክ ላይም ብቻውን ተውኖታል።

የእውነተኛ ገጣሚ ታሪክ ነው፤ የጣሃ መሐመድ አሊ። እ.ኤ.አ. በ1948ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት የገሊላ መንደሩ ሰፉሪያ በእስራኤል ጦር ስትያዝ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ። የታጨችለት ዘመዱ አሚራም እዚያው ተሰደደች። እሱ ከዓመት በኋላ ተደብቆ ተመለሰ። ናዝሬት ገባ (የእኛዋ አይደለችም!)፣ ሱቅ ከፈተ። እሷ ሊባኖስ ቀረች። ድንበር መሃላቸው ገባ፣ በቃ።

የከበደኝ ጦርነቱ አይደለም። ሰውዬው እያሳቀ ነው የሚወጋህ! ስስቅ ቆይቼ አሚራ ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ጣሃ ሌላ ሴት አግብቶ፣ ወልዶ ኖሯል። የአሚራን ስም ግን አልተወውም።

ልብሱ ይኸው ሳፋ ውስጥ ነው።