አንድ እርምጃ ወደፊት

ዛሬ እዚህ አሜሪካ መሥሪያ ቤት ስለ ዘር አድልዎ ስልጠና ነበረን። አሠልጣኟ በአንድ መስመር አቆመችን። ጥያቄ ታነባለች፤ መልሱ «አዎ» የሆነለት አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል። «ወላጆቻችሁ የራሳቸው ቤት ነበራቸው?» ስትል ተራመድኩ። አባቴ አዲስ አበባ የሠራት ቤት ዛሬም አለች። ከጎኔ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባዬ ባለችበት ቀረች።

ምሳ ላይ አጫወተችኝ። አያቷ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥሩ ደመወዝ ነበራቸው። ባንክ ግን የቤት ብድር ከለከላቸው። ሰፈራቸው የጥቁሮች ሰፈር ነዋ! ከዚያ በፊት በ1930ዎቹ የመንግሥት ተቋም ራሱ እንዲህ ያሉትን ሰፈሮች «ለብድር አደገኛ» ብሎ ካርታ ላይ ቀይ ቀብቷቸው ነበር። አድልዎውን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ያ ያልተገዛ ቤት ለልጅም ለልጅ ልጅም አልተረፈም።

እኔ አገሬ እያለሁ «ጥቁር» ብሎ የጠራኝ የለም። እዚህ መጥቼ ነው ቅጽ ላይ «ጥቁር» የምትለዋን ሳጥን ምልክት ያደረግኩባት። ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ሲከተለኝም የት እንደተወለድኩ አይጠይቀኝም።

ከሁሉም ያመመኝ ግን የራሳችን ወሬ ነው። ቡና ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ሲባል ስንቴ ዝም ብያለሁ። እኔም ያልኩበት ቀን አለ። ለብዙዎቻችን በሩን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው እነሱ የታገሉለት የሲቪል መብቶች ሕግ በጸደቀ በዓመቱ ነው። በእነሱ ትግል፣ በእነሱ ደም ዘመን።

ቅዳሜ ቤቴ ቡና ጠርቻታለሁ። እናቷንም ይዛ ትመጣለች።